ዓይናችን እንዴት ያያል?

ከስሜት ሕዋሶቻችን ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ዓይን ነው። ዘር ስንመርጥ በዓይን ነው፤ በሬ ስንገዛ በዓይን ነው፤ ይህን ገጽ ስናነብም በዓይን ነው። ይሁን እንጂ ዓይን ራሱ እንዴት አድርጎ እንደሚያይ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን መልስ ያጥረናል። «ዓይን ስላለን ነዋ!» ብለን እንመልስ ይሆናል። ይህ መልስ «እህሉ የተፈጨው ወፍጮ ስላለ ነው» እንደ ማለት ነው። ወፍጮው እንዴት እንደሚፈጭ የሚያውቅ ግን ድንጋዩን አንስቶ ያየ ሰው ነው። በዚህ ትምህርት እኛም የዓይንን ድንጋይ እናነሳለን።

ነገሩ ፊደል በጉልምስና ለቆጠርን ሰዎች የተለየ ጥቅም አለው። ከመካከላችን ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈው ሰው ደብተር ሲገልጥ ፊደሉ ይደበዝዝበታል። «ለ» እና «ሰ»፣ «ሰ» እና «ጠ» ይምታቱበታል። ጥቂት ቀን ይታገልና «እኔ ዕድሜዬ አልፏል፤ ጭንቅላቴ ትምህርት አይቀበልም» ብሎ ደብተሩን ይከድናል። ጥፋቱ ግን የጭንቅላቱ ላይሆን ይችላል። የት እንዳለ ለማወቅ ብርሃን በዓይን ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ከበሩ እስከ ጓዳው መከተል አለብን።

አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ምሳሌዎቻችንን የምናመጣው በብዛት ከእነዚህ ከሦስቱና በዙሪያቸው ካለው ሕዝብ ኑሮ ነው።

ብርሃን ይገባል እንጂ አይወጣም

በአነጋገራችን ዓይን እንደሚወረወር ነገር ሆኖ ይነገራል። «ዓይኑን ጣለበት» እንላለን። «ዓይኗ አረፈበት» እንላለን። እንዲህ የምናስበው እኛ ብቻ አይደለንም። ከጥንት ግሪክ ሊቃውንት ብዙዎቹ ከዓይን ጨረር ወጥቶ የሚታየውን ነገር እንደ እጅ የሚዳስስ ይመስላቸው ነበር።

ይህን ሐሳብ በሚገባ ያፈረሰው ኢብን አል ሃይሰም የሚባል የባስራ ሰው ነው። ባስራ ዛሬ በኢራቅ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ይህ ሰው ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ አገር፣ በካይሮ ተቀምጦ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት 7 ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፈ። ከክርክሮቹ አንዱ ቀላል ነው። ፀሐይን አትኩሮ ያየ ሰው ዓይኑን ያመዋል። ጨረሩ ከዓይን የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ዓይንን ምን ያመው ነበር? ስለዚህ ከውጭ ወደ ዓይን የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። እሱም ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ የጅብ ዓይን ማታ የሚያበራው ለምንድን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። በጅብና በድመት ዓይን ውስጥ፣ ከበስተኋላ፣ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ። የሚያበራው የእኛው የባትሪ መብራት ወይም የጨረቃ ብርሃን ተመልሶ ነው። ምንም ብርሃን በሌለበት ጨለማ የጅብም ዓይን አይበራም።

ከሰው ዓይን የሚወጣ ነገር ቢኖር እንባና ዓይናር ብቻ ነው። በአገራችን «ዓይኑ ይበላል» እየተባለ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ስንት ዘመን በሐሜት ሲገፋ ኖሯል! ከዓይን ወጥቶ ሰው የሚጎዳ ጨረር የለም።

አሁን አንድ ቀይ በሬ ሜዳ ላይ ቆሟል እንበል። ብርሃን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከፀሐይ ወደ ምድር ይመጣል። ለዚህ ጉዞ የሚፈጅበት 8 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በሬው ላይ ሲያርፍ ከፊሉን የበሬው ቆዳ ይውጠዋል፤ ቀዩን ግን መልሶ ይረጨዋል። ከተረጨው ውስጥ ጥቂቱ ወደ ዓይናችን ይገባል። በሬውን አየነው የምንለው ያኔ ነው። ብርሃን ከሌለ የሚረጭ ነገር የለም፤ በሬው እዚያው ቆሞ ሳለም አናየውም።

የጎጆው ቀዳዳ

ዓይን ያንን ብርሃን ምን ያደርገዋል? ይህን ለማየት የሚበቃን አንድ ጎጆ ነው። ፀሐይ ፏ ባለችበት ቀን፣ ለምሳሌ በጥቅምት ወር ጭጋጉ ከሱሉልታ ሜዳ ላይ ከተነሣ በኋላ፣ ወደ አንድ ጨለማ ቤት እንግባ። በሩን እንዝጋ። በብርሃን የሚገባበትን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ እንድፈን። ፀሐይ ባረፈበት ሜዳ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል አንድ ቀዳዳ ብቻ እንተው። ከቀዳዳው ፊት ለፊት ነጭ ነጠላ ወይም አቡጀዴ እንስቀል። ከዚያ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ 10 ደቂቃ ያህል ታግሠን እንቆይ።

በነጠላው ላይ ሜዳው ይታያል። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ቀለሙ ግን ሳይቀር ይታያል። ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ከብቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ግን ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ሰማዩ ከታች፣ ሣሩ ከላይ ሆኖ ከብቶቹ እግራቸውን ሰቅለው ይሄዳሉ። አንዱ ሲያየው «አስማት ነው» ይል ይሆናል። አስማት አይደለም። ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ አይታጠፍም። ከበሬው ቀንድ የተነሣው ብርሃን ቁልቁል ወርዶ በቀዳዳው ያልፍና የነጠላውን ታችኛ ክፍል ይመታል። ከበሬው ሰኮና የተነሣው ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ የላይኛውን ይመታል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሁሉም እዚያች ነጥብ ላይ ተላልፎ ነው የሚገባው። ኢብን አል ሃይሰምም ብርሃንን የመረመረው እንዲህ ባለ ጨለማ ክፍል ነበር።

ቀዳዳውን በመጠኑ ብናሰፋው ሥዕሉ ይደምቃል፤ ግን ይደበዝዛል፣ ቅርጹ ይጠፋል። ብናጠብበው ቅርጹ ጥርት ይላል፤ ግን ይጨልማል። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ መነጽር ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ዓይን ይኸው ጎጆ ነው። ክብ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ ያለው ርዝመት 24 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀዳዳው ብሌን ይባላል። በዓይናችን መካከል ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየን እሱ ነው። ጥቁር የሆነው ቤቱ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ነው፤ የጎጆ መስኮትም ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር አይደለም? በብሌን ዙሪያ ያለው ቡናማ ቀለበት ጡንቻ ነው። ፀሐይ ሲበዛ ቀዳዳውን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያጠብበዋል፤ ሲጨልም እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይከፍተዋል። የጓደኛችሁን ዓይን በእጃችሁ ጋርዳችሁ ቆዩና በድንገት ግለጡት። ብሌኑ ሲጠብብ ታያላችሁ።

መስኮቱና ምሱ

የዓይን ቀዳዳ እንደ ጎጆው ክፍት አይደለም። ከፊቱ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ብሎ የጠራ ሽፋን አለው። ስሙ ኮርኒያ ነው። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ደም ቢኖረው ኖሮ ሁሉንም ነገር በቀይ መጋረጃ እናይ ነበር። ብርሃኑን አጥፎ ወደ አንድ ነጥብ ከሚሰበስበው ሥራ ውስጥ ከሦስት እጁ ሁለቱን የሚሠራው እሱ ነው። በሬዲዮ «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የምንሰማው በእውነቱ ይህን ኮርኒያ ነው። ብሌን ቀዳዳ ነውና አይለገስም! በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በሕይወት ሳሉ ቃል የገቡ ሰዎች ሲሞቱ ኮርኒያቸው እየተነሣ፣ የራሱ ለጠቆረበት ወይም ለተሰነጠቀበት ሰው ይተካለታል።

ይህ መስኮት በብዙ መንገድ ይጎዳል። በሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ሲታጨድና ሲታሰር የሣር ጫፍ ዓይን ይወጋል። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ከሣሩ ጋር የገባው ሻጋታ ኮርኒያውን ሊበላው ይችላል። በቡራዩ ዙሪያ ድንጋይ የሚፈልጥና የሚጠርብ ሰው ደግሞ ፍንጣሪ ያገኘዋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ማሸት ነው፤ ወይም ጓደኛችን በነጠላ ጫፍ ወይም በምላሱ እንዲያወጣልን እንለምናለን። ማሸት ጉዱን ሥር ያስገባዋል፤ ምላስም ሌላ ጀርም ይጨምራል። ብናኝ ከሆነ በንጹሕ ውኃ እጥብ እጥብ ማድረግ ይበቃል። ፍንጣሪው የተሰካ እንደሆነ ግን ሳይነኩ፣ ሳይጫኑ፣ ከላይ በንጹሕ ነገር ጋርዶ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የእናት ጡት ወተት፣ ቅጠል ወይም ሌላ ባህላዊ መድኃኒት በቆሰለ ዓይን ላይ መጨመር ዓይን ያጠፋል።

ትራኮማም የሚያጠቃው ይህንኑ መስኮት ነው፤ የሚመጣው ግን ዞሮ ነው። ጀርሙ የሚቀመጠው ከዓይን ቆብ በታች ነው። በዝንብ፣ በእጅና በፎጣ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሕፃን ሳለን ደጋግሞ ሲይዘን የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይጠብሳል። ጠባሳውም ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ያኔ ሽፋሽፍቱ ዓይናችንን በከደንን ቁጥር ኮርኒያውን ይፍቃል። እናቶቻችን ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ወረንጦ ለጊዜው ፋታ ይሰጣል፤ ግን ፀጉሩ ተመልሶ ሲያቆጠቁጥ አጭርና ሸካራ ሆኖ ይብሱን ይፍቃል። መፍትሔው ቆቡን ወደ ቦታው የሚመልስ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። ዓይን ውስጥ አይገባም፤ የሚሠራው ቆቡ ላይ ነው። የልጆችን ፊት በየቀኑ በውኃ ማጠብ ደግሞ ከሥሩ ያግደዋል። ውኃው ብዙ መሆን የለበትም፤ አንድ ጣሳ ይበቃል።

ከብሌን በስተኋላ ሌንስ አለ። ሌንስ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው በመልኩ ነው፤ ሁለት ጎኑ ጎበጥ ያለ፣ ዙሪያው የሳሳ፣ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ነገር ነው። መጠኑ ግን ከምስር ይበልጣል፤ ባቄላ ያህላል ብንል ይቀርባል። ሌንስ በወጣትነት ጊዜ ለስላሳና ተለማጭ ነው። ሩቅ ስናይ ይሳሳል፤ ቅርብ ስናይ ጎበጥ ይላል። በዚህም የሩቁም የቅርቡም ሥዕል በትክክል በዓይናችን ጀርባ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። የጎጆው ቀዳዳ ሲሰፋ የተበላሸው ሥዕል በዓይን ውስጥ የማይበላሸው ኮርኒያና ሌንስ ብርሃኑን ስለሚሰበስቡት ነው።

ፊደሉ ለምን ይደበዝዛል?

ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይጠነክራል። እንደ እርጥብ ቆዳ የነበረው እንደ ደረቅ ቆዳ ይሆናል። ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለቅርብ ነገር መጉበጥ ያቅተዋል። ሰውየው ከጋራ ማዶ ያለውን ከብት ቆጥሮ ይነግራችኋል፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን አይችልም። ደብተሩን ከፊቱ እያራቀ፣ እያራቀ ይሄዳል። «ዓይኔ ደኅና ነው፤ እጄ ነው ያጠረው» የሚል ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ነገሩን በትክክል አስቀምጠውታል። ይህ በሽታ አይደለም። የተማረውንም፣ ያልተማረውንም፣ ንጉሡንም ገበሬውንም አይምርም። ልዩነቱ የተማረው ሰው መነጽር ማድረጉ ነው። በ40ኛ ዓመቱ ፊደል የጀመረ ሰው ግን ፊደሉና የዓይን መድከም በአንድ ጊዜ ስለሚገናኙበት ጥፋቱን ለራሱ ጭንቅላት ይሰጣል። እኛ በዚህ ምክንያት ብቻ ትምህርት የተወ ሰው ጥቂት አይደለም ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ጎጆው ቀዳዳ እንመለስ። ቀዳዳ ሲጠብብ ሥዕል ጥርት ይላል ብለን ነበር። ይህን በራሳችን ዓይን ላይ መሞከር እንችላለን። ከአሮጌ ካርቶን ቁራጭ እንውሰድና በወፍራም መርፌ እንብሳው። ደጅ በብርሃን እንቀመጥ። አንዱን ዓይን እንጨፍንና በቀዳዳው በኩል ይህን ገጽ በቅርብ ይዘን እናንብብ። ደብዝዞ የነበረው ፊደል በቀዳዳው ጥርት ብሎ ከታየን፣ የዓይናችን ጓዳ ደኅና ነው፤ የደከመው ሌንሱ ነው፤ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃናል። በቀዳዳውም ካልጠራ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነውና መነጽር ከመግዛታችን በፊት ሐኪም ሊያየን ይገባል። በሁለቱም ዓይን በየተራ እንሞክረው።

ኩራዝ አጠገብ ማንበብ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በደብዛዛ ብርሃን ብሌናችን ይሰፋል፤ ብሌን ሲሰፋ የደከመው ሌንስ ስህተት ጎልቶ ይወጣል። ያው ሰው ያንኑ ገጽ ቀን በደጃፉ ላይ ቢያነበው ይሻለዋል። ፀሐይ ብሌኑን ስታጠብበው ቀዳዳውን በነፃ ትሠራለታለችና።

ሌንስ ሌላም ጣጣ አለው። ጥሬ እንቁላል ሲሰበር ነጩ ክፍል ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲበስል ግን ጸዓዳ ይሆናል። በሌንስ ውስጥ ያለው ፕሮቲንም በዕድሜ ብዛት እንዲህ ይለወጣል። ይህን የዓይን ሞራ እንለዋለን። ስሙ ሰውን ያሳስታል። ሞራው በዓይን ላይ የበቀለ ልባስ መስሎን ልንልጠው ወይም በጠብታ ልናሟሟው እንመኛለን። ሞራው ግን ራሱ ሌንሱ ነው፤ ከብሌን በስተጀርባ ነው ያለው፤ በማንኛውም ጠብታ አይሟሟም። የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው፤ በቦታውም የፕላስቲክ ሌንስ ይገባበታል።

ፕላስቲክ እንዴት ዓይን ውስጥ ይቀመጣል? ይህን የደረሰበት ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ ፍንጣሪው ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ያክም ነበር። የፕላስቲኩ ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ቆይቶም እንደማያቆስል ተመለከተ። ከዚህ ተነሥቶ በ1942 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአንዲት ሴት ዓይን የፕላስቲክ ሌንስ አስገባ። ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመት ተቃወሙት። ዛሬ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ሆነ በሌሎች የዓይን ሕክምና ቦታዎች የሚሠራው ይኸው ነው።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ከ1,000 ኢትዮጵያውያን 16ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል ግማሽ ያህሉ የታወሩት በሞራ ነበር። በትራኮማ የታወሩት ከመቶ 11 ይበልጣሉ። በሞራ የታወረ ሰው ማለት ጓዳው ሙሉ ሆኖ ሳለ መስኮቱ የተጋረደበት ሰው ነው። መጋረጃው የሚነሣ መሆኑን ሳይሰማ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ስንቱ ነው!

ጓዳው

ብርሃኑ መስኮቱንና ሌንሱን አልፎ የሚያርፍበት ነጠላ ሬቲና ይባላል። ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ግን 120 ሚሊዮን ያህል ዘንግ መሰል ሕዋሳትና 6 ሚሊዮን ያህል ሾጣጣ ሕዋሳት አሉበት። ሾጣጣዎቹ በቀን ይሠራሉ፤ ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን፣ ፊደልንም ጭምር የሚለዩ እነሱ ናቸው። ዘንጎቹ ለጨለማ ናቸው፤ ቀለም አያውቁም። በጨረቃ ብርሃን ቀዩና ቡላው በሬ አንድ የሚመስሉን ለዚህ ነው።

ዘንጎቹ የሚሠሩት ብርሃን ሲነካው በሚለወጥ ቀለም መሰል ነገር ነው። ያን ለመሥራት ቫይታሚን ኤ ያስፈልጋል። ቫይታሚኑ ሲያንስ ልጁ ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ ይጠፋዋል፤ ግድግዳ ይመታል። ዳፍንት የምንለው ይህ ነው። ጉበት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ቫይታሚኑን ይሰጣሉ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው ጠብታም ይኸው ነው። ዳፍንት ችላ ከተባለ ኮርኒያውም ይደርቅና ይፈርሳል።

ሬቲና ሕመም አይሰማውም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ቀለበት ስትመስል፣ በባዶ ዓይን አትመልከቱ የተባለው ለዚህ ነበር። ሌንሳችን የፀሐይን ጨረር በአንዲት ነጥብ ሰብስቦ ሬቲናውን ይጠብሰዋል፤ የሚጠበሰው ሰው ግን አያውቀውም።

ከሬቲና የሚነሡ አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች አንድ ላይ ተገምደው የዓይን ነርቭ ይሆናሉ። ገመዱ ሬቲናውን በስቶ በሚወጣበት ቦታ የሚያይ ሕዋስ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይናችን አንድ ዕውር ቦታ አለው። እናረጋግጠው። በወረቀት ላይ በግራ በኩል መስቀል፣ ከእሱ አንድ ጋት በስተቀኝ ደግሞ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ በከሰል እናድርግ። ግራ ዓይናችንን እንጨፍንና በቀኝ ዓይናችን መስቀሉን ብቻ እንመልከት። ወረቀቱን ከሁለት ስንዝር ጀምረን ቀስ እያልን እናቅርበው። አንድ ቦታ ላይ ነጥቡ ይጠፋል! ወረቀቱን ይበልጥ ስናቀርበው ተመልሶ ይመጣል። የሚገርመው በጠፋበት ቦታ ጉድጓድ አለማየታችን ነው። አንጎላችን በዙሪያው ያለውን የወረቀት ንጣት ወስዶ ይደፍነዋል።

ግላኮማ የተባለው በሽታ የሚገድለው ይህን ገመድ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአብዛኛው ግፊት ይጨምርና ክሮቹን አንድ በአንድ ያደርቃቸዋል። አያምም። ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፤ አንጎላችንም እንደ ዕውሩ ቦታ የጎደለውን እየደፈነ ይሸፍንለታል። ሰውየው ማወቅ የሚጀምረው መሐሉ ሲቀር ነው። የደረቀው ክር አይመለስም። የቀረውን ግን በመድኃኒት ማቆየት ይቻላል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በተለይም በቤተሰቡ እንዲህ የታወረ ያለበት ሰው፣ ለመነጽር ሲሄድ ግፊቱንም ቢያስለካ ጥሩ ነው።

የሚያየው ማን ነው?

ገመዱ የሚያበቃው በአንጎል ውስጥ ነው፤ ያውም ፊት ሳይሆን ማጅራታችን በላይ፣ በስተኋላ በኩል። በሬቲና ላይ ያረፈው ሥዕል እንደ ጎጆው ሥዕል የተገለበጠ ነው። ታዲያ ዓለምን ተገልብጦ የማናየው ለምንድን ነው? አንጎል ሥዕሉን ቆሞ የሚመለከት ሰው ስላልሆነ ነው። የሚደርሰው ሥዕል አይደለም፤ የክሮቹ መልእክት ነው። ከእጅ፣ ከእግርና ከጆሮ ከሚመጣው መልእክት ጋር እያገናዘበ «ይህ ላይ ነው፣ ይህ ታች ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህን ፍርድ የሚማረው ከሕፃንነት ጀምሮ ነው። «በ»ን አይቶ «በ» ማለትም እንዲሁ የተማረው ነገር ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ዓይኑ «በ»ን እንደኛው ያያል፤ የማያነበው አንጎሉ ስላልተማረ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ሰበታ እንሂድ። በሰበታ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ስሙ መርሐ ዕውራን ነው። ልጆቹ የሚያነቡት በጣታቸው ነው። ወረቀቱ ላይ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ነጥቦች አሉ። ይህን አጻጻፍ የፈጠረው ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ3 ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው፤ ቁስሉ ወደ ሁለተኛውም ዓይን ተዛመተና ሁለቱም ጠፉ። በ15 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ6 ነጥብ ብቻ የሚጻፍ ፊደል አዘጋጀ። ከ6 ነጥብ 63 ዓይነት ምልክት ይወጣል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነውና በ63 አይበቃም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል «ላ» አንድ ምልክት አይደለም፤ «ል»ና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። አንዳንድ ዓይናማ ተማሪ «ላ»ን ከ«ል»ና ከ«ኣ» የተሠራ መሆኑን ሳያውቅ ዓመት ይቆጥራል፤ የሰበታው ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል።

በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) በአሜሪካ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ዓይነ ስውራን ብሬል ሲያነቡ አንጎላቸውን በመሣሪያ መረመሩ። ጣታቸው ነጥቦቹን ሲዳስስ፣ ከማጅራት በላይ ያለው የማየት ክፍል ሥራ ላይ ሆኖ ተገኘ። ብርሃን ያልመጣለት ያ ክፍል ሥራ አልፈታም፤ ከጣት የሚመጣውን ፊደል ይቀበላል። የሰበታ ተማሪ ማታ መብራት ቢጠፋ መጽሐፉን አያጥፍም፤ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል።